የባሕር ጠረፍ ኑሮ፦ ክሱ ባሕሩ ላይ፣ ጥፋቱ የብስ ላይ

በባሕር ጠረፍ የሚኖር ሰው ሁለት ዓይነት ሰዓት ይቆጥራል። አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው ነው። ሁለተኛው የባሕሩ መሙላትና መጉደል ነው። በብዙ የዓለም ጠረፎች ባሕሩ በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃው ይሞላል። ስለዚህ ዛሬ ንጋት ላይ የሞላው ባሕር ነገ 50 ደቂቃ ያህል ዘግይቶ ይሞላል። የጨረቃ ሥራ ነው። ጀልባውን የሚያወጣው አሣ አስጋሪ፣ ውኃው ሲሸሽ ጭቃው ላይ ዛጎል የምትለቅመው ሴት፣ ትልቅ መርከብ የሚያስገባው የወደብ ሠራተኛ፣ ሁሉም ቀጠሮው ከዚህ ጋር ነው። ነፋሱም የራሱ ፕሮግራም አለው። ቀን የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚሞቅ ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ይነፍሳል። ሌሊት ይገለበጣል። የሸራ ጀልባ ያላቸው አስጋሪዎች ከንጋት በፊት በየብሱ ነፋስ ወጥተው ከሰዓት በኋላ በባሕሩ ነፋስ ይመለሳሉ።

ስለ ባሕር ጠረፍ ሲወራ ግን ወይ የመዝናኛ ፎቶ ነው፣ ወይ የአደጋ ዜና ነው። በመሃል ያለው ኑሮ ይዘለላል። እዚያ የሚኖሩ ሰዎች ዕለት ዕለት የሚያማርሩበትን ነገር ብትሰሙ ከየትም አገር ቢሆኑ ይመሳሰላል። ጉድጓዱ ጨው ጨው ማለት ጀመረ። ዝናብ ሳይዘንብ መንገዱ ላይ ውኃ ተኛ። ጣሪያው ዛገ፣ የኮንክሪቱ ብረት አብጦ ግድግዳውን ሰነጠቀው። አሣው ራቀ። ኪራዩ ናረ። ትናንት ሰፊ የነበረው ዳርቻ ዛሬ ጠበበ።

ለዚህ ሁሉ አንድ መልስ ይሰጣል፦ ባሕሩ ነው፤ የአየር ንብረት ለውጡ ነው። ሐሰት አይደለም። ከ1901 እስከ 2018 የዓለም የባሕር ወለል በአማካይ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሏል (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከ2006 እስከ 2018 ፍጥነቱ በዓመት 3.7 ሚሊ ሜትር ደርሷል። ነገሩ ከባድ ነው፤ እየባሰም ይሄዳል። ነገር ግን ከላይ የዘረዘርኳቸውን ችግሮች አንድ በአንድ ብታዩ አብዛኞቹ ዛሬ ባሉበት መጠን የመጡት የብስ ላይ በተወሰነ ውሳኔ ነው። የወሰነው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ችግሩ ካለበት ቦታ አይኖርም። ወንዙን ተከትሎ ሽቅብ ሩቅ ነው፣ ወይ ከጠረፉ ወዲያ ማዶ ነው፣ ወይ ዋና ከተማ ቢሮ ውስጥ ነው። ባሕሩ ላይ ማሳበብ የሚቀለውም ለዚህ ነው። ባሕር ፍርድ ቤት አይቀርብ፣ ካሳ አይጠየቅ።

አሸዋው መንገደኛ ነው

ከአሸዋው ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ ከእሱ ጋር የተያያዘ ነው።

ዳርቻ ላይ ያለው አሸዋ የቆመ ይመስላል። አልቆመም። ሞገድ ብዙ ጊዜ ዳርቻውን ፊት ለፊት አይመታውም፤ ሰያፍ ይዞ ይመጣል። ሲመጣ አሸዋውን በሰያፍ ገፍቶ ያወጣዋል፣ ሲመለስ ቀጥ አድርጎ ይስበዋል። እንዲህ እየተመላለሰ አሸዋው በጠረፉ ጎን ለጎን ይጓዛል። በዓመት በመቶ ሺዎች ሜትር ኩብ አሸዋ በአንድ ነጥብ የሚያልፍባቸው ጠረፎች አሉ። ስለዚህ ዳርቻ ማለት ገቢና ወጪ ያለው የባንክ ሒሳብ ነው። ወንዝ ከመሃል አገር አሸዋና ደለል ያስገባል፣ ሞገድ ደግሞ ወደ ጎረቤት ያወጣል። ገቢው ከቆመ ወጪው አይቆምም። ዳርቻው መሳሳት ይጀምራል።

ይህንን በደንብ የሚያሳየው የምዕራብ አፍሪካው የጊኒ ባሕረ ሰላጤ ነው። እዚያ አሸዋው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይጓዛል። ጋና ውስጥ የቮልታ ወንዝ ለዘመናት ለዚያ ጠረፍ አሸዋ ሲያቀርብ ኖሯል። በ1965 አኮሶምቦ ግድብ ተሠራ። አገሪቱ ኤሌክትሪክ አገኘች። ደለሉ ግን ግድቡ ኋላ ባለው ሰፊ ሐይቅ ውስጥ ቀረ። ከወንዙ አፍ በስተምሥራቅ ያለችው ኬታ የምትባል ከተማ ድሮም ባሕር ይበላት ነበር፤ ከግድቡ በኋላ ባሰባት። ትንሽ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ቶጎ ውስጥ የሎሜ ወደብ አለ። በ1960ዎቹ ሲሠራ ሞገድ መግቻው ወደ ባሕሩ ገብቶ ተዘረጋ። የሚመጣውን አሸዋ ያዘው። ከወደቡ ምዕራብ ያለው ዳርቻ ሰፋ። ከወደቡ ምሥራቅ ያለው እስከ አኔሆ ከተማ ድረስ መንገዱንም መንደሩንም ባሕር በላው። አሁንም ወደ ምሥራቅ ቀጥሉ፤ ቤኒን ውስጥ የኮቶኑ ወደብ አለ። ያው ታሪክ ይደገማል። ምዕራቡ ሲሰፋ ምሥራቁ ይበላል።

እዚህ ላይ ማንም ክፉ አላሰበም። ግድብ ያስፈልጋል፤ ወደብም ያስፈልጋል። ነገር ግን አኔሆ ያለ ሰው ቤቱ ሲፈርስ የሚያየው ሞገዱን ነው። ሎሜ ወደብ ላይ የተዘረጋውን ድንጋይ አያየውም። ከእሱ ወዲያ ድንበር አልፎ ያለውን አኮሶምቦንማ እንዴት ብሎ ያየዋል? ለዚህ ነው በዓለም ባንክ ድጋፍ የሚሄደው የምዕራብ አፍሪካ ጠረፎች ፕሮግራም ብዙ አገሮችን አንድ ላይ ለማሠራት የሚሞክረው። አንዱ አገር ብቻውን ጠረፉን ልጠብቅ ቢል ችግሩን ወደ ምሥራቅ ጎረቤቱ ማሻገር ነው የሚሆንበት።

ሌላው ምሳሌ ለእኛ ይቀርባል። የግብጽን ዴልታ (ወንዝ ባሕር ሲደርስ ደለሉን እየጣለ የሚሠራው ለጥ ያለ መሬት) የሠራው ደለል ከ90 በመቶ በላይ የመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ በዓባይና በተከዜ። «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል። ግንዱን ባናውቅም አፈሩ ማደሪያ ነበረው። ሜዲትራኒያን ጠረፍ ላይ ነበር የሚያድረው። በ1902 የመጀመሪያው የአስዋን ግድብ ሲሠራ ዴልታው መሸርሸር ጀመረ። በ1970 ታላቁ የአስዋን ግድብ ሲጠናቀቅ ደለሉ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ናስር ሐይቅ ውስጥ ቀረ። ራሺድ የምትባለው ቦታ፣ ወንዙ ባሕሩ ውስጥ እንደ ምላስ የወጣበት ጫፍ፣ በአንዳንድ ዓመታት 100 ሜትር ገደማ ወደ ኋላ ሸሸ። በኋላ በትልልቅ የኮንክሪት ብሎኮች አጠሩት። ጫፉ ቆመ፤ ከአጥሩ ጎንና ጎን ያለው መበላቱን ቀጠለ። በነገራችን ላይ የዴልታውን መሸርሸር ከሕዳሴ ግድብ ጋር ብቻ ለሚያያይዝ ሰው እነዚህን ዓመታት ማስታወስ ጥሩ ነው። አፈሩ ባሕር መድረስ ካቆመ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ግድግዳ ይሠራልን

ባሕር ቤት መብላት ሲጀምር የመጀመሪያው ጥያቄ ግድግዳ ነው። ነዋሪው ይጠይቃል፣ ፖለቲከኛውም ይወደዋል። ድንጋይና ሲሚንቶ በካሜራ ያምራል፤ ሪባን ይቆረጥበታል። ለተወሰነ ጊዜም ይሠራል፣ ይህን መካድ አይቻልም። መንገድ ወይም ሆስፒታል አደጋ ላይ ሲሆን ሌላ ምርጫ የማይኖርበት ጊዜ አለ።

ግን ሞገድ ጉልበቱን የሆነ ቦታ ማራገፍ አለበት። ሜዳ የሆነ አሸዋ ላይ ሲወጣ እየደከመ ይሄዳል። ቀጥ ያለ ግድግዳ ሲመታ ተንጥሮ ይመለሳል፣ ሲመለስም ከግድግዳው እግር ሥር ያለውን አሸዋ ጠርጎ ይወስዳል። ስለዚህ ግድግዳው ከኋላው ያለውን ቤት ሲያድን ፊት ለፊቱ ያለውን ዳርቻ ይገድላል። ጀልባ የሚጎተትበት፣ መረብ የሚዘረጋበት፣ አሣ የሚሰጣበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ይጠፋል። ከግድግዳው ጫፍ ቀጥሎ ያለው ቤት ደግሞ ከበፊቱ ይብስበታል። እሱም በተራው ግድግዳ ይጠይቃል። ተራው ማለቂያ የለውም።

ባንግላዴሽ ውስጥ የሆነው ከዚህ ይረቅቃል። በ1960ዎቹ የዴልታው ደሴቶች እርሻ በጨው ውኃ እንዳይጥለቀለቅ ዙሪያቸውን በአፈር ግድብ ታጠሩ። ለጥቂት ዓመታት ምርት ጨመረ። ነገር ግን ባሕሩ ሲሞላ ይዞት ይመጣ የነበረው ደለል ውጭ ቀረ። ከአጥሩ ውጭ ያለው መሬት በየዓመቱ ደለል እየለበሰ ከባሕሩ እኩል ሲያድግ፣ በአጥር ውስጥ ያለው ባለበት ቀረ፤ እንዲያውም እየታመቀ ወረደ። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አንዳንዱ የታጠረ መሬት ከውጭው ከ1 እስከ 1.5 ሜትር ዝቅ ብሎ ተገኘ። በ2009 አይላ የተባለው አውሎ ነፋስ ግድቦቹን ሲሰብር ውኃው ገብቶ አልወጣ አለ፤ ሜዳው ገበቴ ሆኗላ። አንዳንዱ ቦታ ግድቡ እስኪጠገን ሁለት ዓመት ገደማ ባሕሩ በየቀኑ እየገባ እየወጣ ቆየ። ለነዋሪው መከራ ነበር። ለመሬቱ ግን ባሕሩ በዚያ ጊዜ ውስጥ በአሥርት ሴንቲ ሜትር የሚቆጠር ደለል ጥሎለት ሄደ። ዛሬ አንዳንድ ባለሙያዎች ግድቡን በዕቅድ፣ በተራ በተራ ከፍቶ ደለል ማስገባት ይሻላል የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። ለባለ እርሻው ግን ማሳህን ለጥቂት ዓመታት ለባሕር ስጥ ማለት ነው። እስከዚያ ምን ይብላ? ይህን ጥያቄ የሚመልስ ከሌለ ዕቅዱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ሀብታም የሆነ አገር ሌላ መንገድ ይሄዳል። ኔዘርላንድስ ከ1990 ጀምሮ ጠረፏ አሁን ካለበት እንዳያፈገፍግ ወስናለች። ለዚህም በዓመት በአማካይ 12 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ አሸዋ ከሰሜን ባሕር ታች እየመጠጠች ዳርቻዋ ላይ ታፈሳለች። በ2011 ሄግ አጠገብ 21.5 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አሸዋ አንድ ቦታ ላይ ከምራ ማከፋፈሉን ለሞገዱና ለነፋሱ ተወችላቸው። ድንቅ ሥራ ነው። ማብቂያ የሌለው ወጪም ነው፤ አሸዋው በሚቆፈርበት በባሕሩ ታች ያለው ሕይወትም ዋጋ ይከፍላል።

በዚያው ልክ ድሃ ጠረፎች አሸዋቸውን ይሸጣሉ። የዓለም ግንባታ በዓመት 50 ቢሊዮን ቶን ገደማ አሸዋና ጠጠር እንደሚፈልግ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ይገምታል። የበረሃ አሸዋ ነፋስ አሹሎ ሳይሆን አድቦልቡሎ ስለጨረሰው ለኮንክሪት አይሆንም። የወንዝና የባሕር ዳርቻ አሸዋ ይፈለጋል። ሞሮኮና ሴራሊዮን ውስጥ በሕገ ወጥ መንገድ ተጭኖ ያለቀ ዳርቻ አለ። ሥራ ያጣ ወጣት አካፋ ይዞ ለከባድ መኪና ይጭናል። በኋላ ባሕሩ ሲመጣ የሚበላው የዚያኑ ወጣት ሰፈር ነው። ወጣቱን ብቻ መውቀስ ግን አይጥመኝም፤ ሕንጻውን ያሠራው ሰው የት ነው ያለው?

አራት ሜትር

የሚያስደነግጠኝ ታሪክ የሴንት ሉዊ ነው። ሴኔጋል ውስጥ፣ የሴኔጋል ወንዝ አፍ ላይ ያለች ጥንታዊ ከተማ ናት። ከ2000 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆና ተመዝግባለች። ወንዙን ከአትላንቲክ የሚለየው ረጅምና ቀጭን የአሸዋ ምላስ ነው። ወንዙ ከተማዋን አልፎ በዚህ ምላስ ጎን ብዙ ኪሎ ሜትሮች ወደ ደቡብ ወርዶ ነበር ባሕር የሚገባው።

በጥቅምት 2003 ወንዙ ሞላ። ከተማዋ ልትሰጥም ሆነ። ባለሥልጣናቱ ውኃው በአቋራጭ ባሕር እንዲገባ ከከተማዋ በስተደቡብ ምላሱን በ4 ሜትር ስፋት ቆረጡት። ሠራ። በሁለት ቀን ውስጥ የወንዙ ከፍታ ወረደ። ከተማዋ ዳነች።

ቦዩ ግን 4 ሜትር ሆኖ አልቀረም። በቀናት ውስጥ በመቶ ሜትሮች ሰፋ። በጥቂት ዓመታት ከአንድ ኪሎ ሜትር አለፈ። አዲሱ በር የወንዙ ዋና አፍ ሆነ፣ የድሮው ተዘጋ። ከምላሱ ኋላ ተጠልሎ የነበረው ዱን ባባ ዲዬ የተባለ መንደር በቀጥታ ለሞገድ ተጋልጦ ጠፋ። ጨው ወደ ውስጥ ገባ፤ በአካባቢው አትክልት ያለሙ የነበሩ ሰዎች መሬታቸው አላበቅል አለ። አሣ አስጋሪዎች በአዲሱ በር ሲወጡና ሲገቡ ሞገዱ ጀልባ እየገለበጠባቸው ብዙዎች ሞተዋል።

ይህን ታሪክ የማነሣው ቆራጮቹን ለመክሰስ አይደለም። ከተማ እየሰጠመ ማን ቁጭ ብሎ ጥናት ይጠብቃል? የማነሣው ጠረፍ ላይ ትንሽ የሚባል ውሳኔ ስለሌለ ነው። ከተማዋ በሁለት ቀን የተገላገለችውን ውኃ መንደሮቹ ይኸው ከ20 ዓመት በላይ እየከፈሉበት ነው።

ከሥር የሚመጣው ጨው

አሁን ወደ ጉድጓዱ። ጠረፍ ላይ የምትቆፍረው ጉድጓድ ንጹሕ ውኃ የሚሰጥህ ዝናብ ያጠራቀመው ጨው አልባ ውኃ ቀለል ስለሚልና በጨዋማው ላይ ተንሳፍፎ ስለሚቀመጥ ነው። የክብደቱ ልዩነት ትንሽ ናት፤ 1 ከ1.025 ገደማ። ከዚህች ትንሽ ልዩነት የሚወጣው ስሌት ግን የሚገርም ነው። ጨው አልባው ውኃ ከባሕር ወለል በላይ 1 ሜትር ከፍ ካለ፣ ከባሕር ወለል በታች 40 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው ማለት ነው። በተቃራኒውም ይሠራል። ከላይ 1 ሜትር መጥጠህ ካወረድክ ጨዋማው ከታች ወደ 40 ሜትር ሊወጣ ይችላል። ቶሎ ላይታይ ይችላል። አንድ ቀን ሻዩ ጣዕሙ ይቀየራል፤ ሳሙናው አረፋ አልይዝ ይላል። ያኔ ጨው ደርሷል። ለመመለስ ደግሞ ዓመታት ይፈልጋል።

እዚህ ላይ ባሕሩ ከፍ ማለቱ ድርሻ አለው። ግን ከባሕሩ የሚፈጥነው ፓምፑ ነው። ብዙ ሆቴል፣ ብዙ እርሻ፣ ብዙ ፎቅ፣ ሁሉም ከአንድ የከርሰ ምድር ውኃ። ጥልቅ ጉድጓድ የማስቆፈር አቅም ያለው ይመጥጣል። ጥልቀት የሌለው የእጅ ጉድጓድ ያለው ቀድሞ ጨው ይቀምሳል። ባንግላዴሽ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች የመጠጥ ውኃ ጨዋማነትን ነፍሰ ጡሮች ላይ ከሚታይ የደም ግፊት ጋር አያይዘውታል። ነገሩ የጣዕም ብቻ አይደለም ማለት ነው።

የባሕር ውኃን ማጣራት መፍትሔ ነው የሚል ሰው የማሌን ታሪክ ይስማ። የማልዲቭስ ዋና ከተማ ሙሉ በሙሉ ለማለት ይቻላል በተጣራ የባሕር ውኃ ትኖራለች። በታኅሣሥ 2014 ማጣሪያው ላይ እሳት ተነሣ። 100,000 የሚደርስ ሰው በአንድ ጊዜ የሚጠጣው አጣ። ሕንድ ውኃ በአውሮፕላንና በመርከብ ላከች። ዙሪያህን ውኃ ሆኖ ውኃ በአውሮፕላን ሲመጣልህ አስበው።

ፓምፑ ሌላም ጉድ አለው። ውኃው ሲመጠጥ አፈሩ ይታመቃል፤ መሬቱ ይወርዳል። ጃካርታ በዚህ የታወቀች ናት። የቧንቧ ውኃ ለብዙ ነዋሪ ስለማይደርስ ቤቱም ፋብሪካውም ከመሬት ይመጥጣል። በሰሜኑ ክፍል አንዳንድ ቦታዎች በዓመት እስከ 25 ሴንቲ ሜትር የወረዱበት ጊዜ ነበር። ከላይ የጠቀስኩትን የ3.7 ሚሊ ሜትር የባሕር ከፍታ ከዚህ ጋር አስተያዩት። እዚያ ባሕሩ ከሚወጣው ይልቅ ከተማው የሚወርደው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ሙዋራ ባሩ በተባለው ሰፈር ግማሽ ድረስ ውኃ ውስጥ የቆመ የተተወ መስጊድ አለ። በ2019 መንግሥት ዋና ከተማውን ወደ ቦርኒዮ ደሴት እንደሚያዛውር አስታወቀ። ቢሮው ይዛወራል። ዓሣ ገበያውስ?

ቶኪዮ ይህን በሽታ ቀድማ ታማ ነበር። ኮቶ የሚባለው ወረዳ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከ4 ሜትር በላይ የወረደበት ቦታ አለው። በ1956 የፋብሪካዎችን፣ በ1962 የሕንጻዎችን የከርሰ ምድር ውኃ አጠቃቀም የሚገድቡ ሕጎች ወጡ። ሌላ የውኃ ምንጭም አብሮ ተዘጋጀ። በ1970ዎቹ መውረዱ በአብዛኛው ቆመ። የወረደው ግን አልተመለሰም፤ ወረዳው ዛሬም ከባሕር ወለል በታች ሆኖ በግድግዳና በፓምፕ ነው የሚኖረው። እኔ ከዚህ የምወስደው መከልከል ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ቧንቧ ሳትዘረጋ ጉድጓድ ዝጋ ብትል የሚሰማህ የለም።

የራቀው አሣ

ስለ አሣ አጠር ላድርገው፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚፈልግ ነውና። በዓለም ላይ ከሚያዘው አሣ 40 በመቶ ገደማውን የሚያመጡት በትንንሽ ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ከሥራ ዕድሉ ደግሞ 90 በመቶው የእነሱ ነው፣ ከሚያጠምደው እስከምትሸጠው ቆጥሮ። ሕግ ላይ ከጠረፉ እስከተወሰነ ርቀት ያለው ባሕር ለእነሱ የተከለለባቸው አገሮች ብዙ ናቸው። ሌሊት ትልቁ መርከብ መብራቱን አጥፍቶ ሲገባ ግን የሚያስቆም ጠባቂ ጀልባ ወይ የለም ወይ ነዳጅ የለውም።

በምዕራብ አፍሪካ ከዚህ ላይ የአሣ ዱቄት ፋብሪካ ተጨመረበት። ሞሪታኒያ፣ ሴኔጋልና ጋምቢያ ጠረፍ ላይ ሰርዲኔላ የሚባለውን ትንሽ አሣ፣ የድሃውን ምግብ፣ ይፈጩታል። 1 ኪሎ ዱቄት ለማውጣት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ትኩስ አሣ ይፈጃል። ዱቄቱ ውጭ አገር ለሚረባ አሣና ለእንስሳት መኖ ይሄዳል። ጀልባ ያለው ሰው ላይከፋው ይችላል፤ ፋብሪካው ያመጣውን ሁሉ ይገዛዋልና። የተጎዱት አሣውን አጭሰውና አድርቀው ወደ መሃል አገር ይሸጡ የነበሩት ሴቶች ናቸው። ከፋብሪካ ጋር ዋጋ መፎካከር አይችሉም። ጭሱና ሽታው ግን እነሱ ሰፈር ነው። አሣው ሲመናመን ደግሞ ያው የእንጨት ጀልባ፣ ያው ባሕሩን የሚያውቅ አስጋሪ፣ ስደተኛ ጭኖ ወደ ካናሪ ደሴቶች ማቅናት ይጀምራል። አውሮፓ ላይ ዜና የሚሆነው ይሄኛው ክፍል ብቻ ነው።

የሚያምር ቦታ መኖር

ኪራዩስ? ባሕር የሚታይበት ቤት ያለው መንደር ሁሉ አንድ ዓይነት ጉዳይ ይገጥመዋል። በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ የሚመጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ከሚኖረው የበለጠ መክፈል ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ ኮርንዎል ጠረፍ ያለችው ሴንት አይቭስ በ2016 ሕዝበ ውሳኔ አድርጋ፣ ከ80 በመቶ በላይ ድምፅ፣ አዲስ የሚሠራ ቤት ቋሚ ነዋሪ ካልሆነ እንዳይያዝ ወሰነች። ደንቡ የነካው አዲሱን ብቻ ስለሆነ የአሮጌው ቤት ሽሚያ አልቀረም። ዌልስ ከ2023 ጀምሮ የአካባቢ መስተዳድሮች ሁለተኛ ቤት ላይ እስከ 300 በመቶ ተጨማሪ ግብር እንዲጥሉ ፈቅዳለች። ባርሴሎና ለእንግዳ የሚከራዩ 10,000 ያህል አፓርታማዎችን ፈቃድ በ2028 መጨረሻ እንደማታድስ አስታውቃለች። የትኛው እንደሚሻል ለመናገር ጊዜው ገና ነው። ግን አንድ ነገር ግልጽ ይመስለኛል፦ ሆቴሉ ውስጥ የሚሠራው ሰው ከሆቴሉ ከተማ መኖር ካልቻለ ቱሪዝሙ ለአካባቢው እንጀራ ነው የሚለው ንግግር ጎደሎ ነው።

ተነሡ ሲባል

አንዳንድ ቦታ ሁሉም ነገር ተሞክሮ መነሣት ብቻ ይቀራል። ሴንት ሉዊ ውስጥ ጌት ንዳር የሚባል የአስጋሪዎች ሰፈር አለ፣ እጅግ የተጨናነቀ፣ ጀርባው ወንዝ ፊቱ ውቅያኖስ። በ2017 እና በ2018 ሞገድ ቤታቸውን ያፈረሰባቸው ቤተሰቦች ጁጎፕ ወደሚባል ሜዳ ተወሰዱ። ከባሕሩ ብዙ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ቤቱ ከባሕር ሞገድ ይድናል። ሥራው ግን ባሕሩ ላይ ነው። አስጋሪ የሚወጣው ሌሊት ነው፤ ሌሊት ትራንስፖርት የለም። ሞተሩንና መረቡን የት ያሳድር? ሚስቱ አሣውን የምትቀበለው ጀልባው ሲደርስ ነው፤ መቼ እንደሚደርስ ደግሞ አይታወቅም። ዕቅዱን ያወጣው ሰው ቤት ሠራ እንጂ የሥራ ሰዓት አላሰበም። ዳርቻው ላይ ዕቃ ማስቀመጫና የሌሊት መኪና ቢጨመር ግማሹ ምሬት ይቀል ነበር ብዬ አስባለሁ።

ሀብታም አገር መኖርም ከዚህ አያድንም። ዌልስ ውስጥ ፌርቦርን የምትባል መንደር አለች። የአካባቢው መስተዳድር ባሕሩን ለዘለዓለም መከላከል እንደማይችልና መከላከያውን ማስቀጠል በ2054 ገደማ እንደሚያበቃ በዕቅዱ አስቀመጠ። ዜናው ሲወጣ የቤት ዋጋ ወደቀ፣ ባንኮች በዚያ ቤት ላይ ማበደር ሸሹ። ሕግ ላይ ደግሞ በብሪታንያ ባሕር ለበላው ቤት ባለቤቱ ካሳ የማግኘት መብት የለውም። ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ጡረታ ወጥተው ያጠራቀሙትን እዚያ ቤት ላይ ያዋሉ ሰዎች ናቸው። ዕቅዱ ለመስተዳድሩ የረጅም ጊዜ አርቆ አሳቢነት ነው፤ ለእነሱ ግን ቤታቸው ደረቅ ሆኖ ሳለ የሚገዛው ሰው የማይገኝለት ንብረት ሆነ።